አስቸኳይ! ፍላሼ ሾርትከት ሆነብኝ፣ ነገ ጠዋት የእንግሊዝኛ መምህራን ስልጠና አለብኝ (ጅማ)

የዘጠነኛዋ ቲቸር፣ ዓርብ ማታ 12፡50

ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ድረሱልኝ። ፍላሼ ውስጥ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆነብኝ። ነገ ጠዋት 2፡30 ላይ የጉድኝታችን፣ ማለትም አብረው የሚሠሩት የአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች፣ የእንግሊዝኛ መምህራን ይሰበሰባሉ። 22 ነን። የተሙማ (የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ስልጠናውን የምመራው እኔ ነኝ። ርዕሱ የማዳመጥ ክህሎትን ማስተማር ነው። ዘጠኝ ኦዲዮ፣ ዕቅዱ፣ የሚበተነው ወረቀት፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው ያለው። ዛሬ ከሰዓት ወረቀቱን ላሳትም አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሰጠኋቸው። ቤት መጥቼ ስከፍተው ይኼው። ብነካው ብነካው አይከፈትም። ምን ላድርግ?

የሂርማታ ልጅ፣ 12፡54

ቫይረስ ነው። ፎርማት አድርጊውና እንደገና ጫኚበት።

የዘጠነኛዋ ቲቸር፣ 12፡55

ከየት አምጥቼ ልጫንበት? ሌላ ኮፒ የለኝም። ኦዲዮዎቹን ለማሰባሰብ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ጠጋኙ፣ 12፡59

እህቴ፣ ፎርማት እንዳታደርጊ! ፋይሎችሽ አልጠፉም፣ ቫይረሱ ደብቆብሽ ነው። በቦታቸው የውሸት ሾርትከት አስቀምጧል። እሱን በነካሽ ቁጥር የምታስነሺው ቫይረሱን ራሱን ነው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ አትንኪው።

ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ከሆነ ፍላሹን ክፈቺና ከላይ "ቪው" የሚለው ውስጥ ግቢ። "ኦፕሽንስ" አለ፣ እሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ "ቪው" አለ። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምረጪ። ይህ ብቻውን አይበቃም። ትንሽ ወረድ ስትይ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚል፣ ምልክት ያለበት ሳጥን ታገኛለሽ። ምልክቱን አንሺው። ያስጠነቅቅሻል፣ እሺ በይው። ብዙ ሰው ይህችን ይዘላትና "ሞከርኩት፣ እምቢ አለኝ" ይላል። ፋይሎቹ ደብዘዝ ብለው ይመጡልሻል። ስም የሌለው ፎልደር ካየሽ እሱን ክፈቺ። ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው የሚከታቸው።

የዘጠነኛዋ ቲቸር፣ 1፡03

ላፕቶፕ እኮ የለኝም። የከፈትኩት በጎረቤት ልጅ ላፕቶፕ ነበር። እሱ ደግሞ ይዞት ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄዷል። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው።

አዌቱ ማዶ፣ 1፡06

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ማዳመጥን ለማስተማር ኦዲዮ የግድ ነው ያለው ማነው? የመምህሩ መምሪያ ውስጥ የማዳመጫ ምንባቦች አሉ። ቆመሽ ታነቢዋለሽ፣ ይሰሙሻል፣ አለቀ። ነገ ከሚመጡት መምህራን ስንቱ ክፍል ውስጥ ስፒከር አለው? የሌላቸውን ዕቃ ይዘሽ ሄደሽ ብታሠለጥኛቸው ሰኞ ክፍል ሲገቡ ምን ይጠቀማሉ? እኛ የፕላዝማውን ዘመን አይተነዋል። የቴሌቪዥኑ መምህር ሳይጠብቀን ይነጉድ ነበር። ጥያቄ ይጠይቀንና መልሱን ራሱ ይመልሳል። ድምፁ ነበረ፣ ትምህርቱ ግን አልነበረም።

የሂርማታ ልጅ፣ 1፡08

"ቪው" ውስጥ ገብተሽ የተደበቁትን አሳይ በይው፣ ይመጣልሻል። ለእኔ ሠርቷል።

ጠጋኙ፣ 1፡09

ወንድሜ እሱ ተብሏል። ላፕቶፕ የላትም።

እህቴ፣ እንዲያውም በስልክ ይቀላል። ስልክሽ አንድሮይድ ከሆነ ኦቲጂ የምትባለዋን ትንሽ ገመድ ፈልጊ። አንዱ ጫፏ ስልኩ ላይ፣ ሌላው ፍላሹ ላይ ይሰካል። ቫይረሱ ፋይሎቹን የደበቀበትን ምልክት አንድሮይድ ከቁጥር አያስገባውም። ላፕቶፕ ላይ የጠፋው ስልክ ላይ እንዲሁ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ይህ ቫይረስ ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ ስልክሽን አይነካውም። ኦዲዮና ጽሑፉን ብቻ ወደ ስልክሽ ገልብጪ። ሾርትከት የሚለውን እንዳለ ተይው። ፎርማት የሚደረገው ከዚያ በኋላ ነው። እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ስልክ ዕቃ የሚሸጡት ገና አልዘጉም።

የዘጠነኛዋ ቲቸር፣ 1፡12

ዝናቡ ይዞኛል፣ መውጣት አልቻልኩም። ኮቺ ሰፈር ነኝ። ቅርብ ያለ ሰው ኦቲጂ ይኖረዋል?

ለአዌቱ ማዶ፦ ወንድሜ፣ ያልከው ይገባኛል። ግን ተማሪዎቼ እንግሊዝኛ የሚሰሙት ከእኔ አፍ ብቻ ነው። የእኔን አነጋገር ለምደውታል፣ ምን ልል እንደሆነ ቀድመው ያውቁታል። ባለፈው ወር አንድ ደቂቃ የሌላ ሰው ድምፅ ከፈትኩላቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጎበዟ ተማሪዬ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ይኼ ደግሞ ምን ቋንቋ ነው?" አለችኝ። ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ያነበብኩላቸው ምንባብ ነበር፣ ያው ራሱ! ያን ቀን ነው ኦዲዮ መሰብሰብ የጀመርኩት።

አዌቱ ማዶ፣ 1፡15

ይህንን ስትነግሪኝ ተረዳሁሽ። ግን አሁንም ያለ መብራት የሚሠራ ነገር ጨምሪበት እላለሁ።

አዲሷ መምህርት፣ 1፡17

እኔ ዘንድሮ ነው ማስተማር የጀመርኩት። ጥያቄው የእኔ ባይሆንም፣ ኦዲዮዎቹን ከየት ነው ያገኘሻቸው? ሜንተሬ (የሚያግዘኝ ነባር መምህር) ፖርትፎሊዮ፣ የሥራሽን ማስረጃ ፋይል፣ አምጪ ይለኛል። ምን እንደምከትበት ግራ ገብቶኛል።

ጡረተኛው መምህር፣ 1፡24

ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ትንሽ ላውራችሁ።

እኔ ማስተማር ስጀምር ፍላሽም ስልክም አልነበረም። ማታ ማታ ሬዲዮ በአጭር ሞገድ እከፍት ነበር። የአሜሪካ ድምፅ ስፔሻል ኢንግሊሽ የሚባል ዝግጅት ነበረው፣ በ1959 እ.ኤ.አ. የተጀመረ። ቃላቱ 1500 ገደማ ብቻ ነበሩ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ንባቡ ዝግ ያለ። እየሰማሁ እጽፋለሁ። ጠዋት ያንኑ ለተማሪዎቼ አነባለሁ። ሥልጠናዬ እሱ ነበር።

አሁን ማዕቀፍ አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ሙያውን ያሻሽል ይላል። አካሄዱም ፍላጎትን መለየት፣ ማቀድ፣ መተግበር፣ መገምገም ነው። በብዙ ቦታ ግን 60ው ሰዓት ወረቀት ሲሞላ ያልቃል። ፋይሉ ይወፍራል፣ ክፍሉ እንደነበረው ይቀራል። አንቺ አዲሷ ልጄ፣ ፖርትፎሊዮሽ ውስጥ አንድ እውነተኛ ችግር ክተቺ። "ተማሪዎቼ የሌላ ሰው እንግሊዝኛ ሲሰሙ ይደነግጣሉ" የሚለው የቲቸሯ ነገር ራሱ ፍላጎት መለየት ነው። ምን እንደሞከርሽ ጻፊ። ምን እንዳልሠራም ጻፊ። አንድ ባልደረባሽ ክፍልሽ ገብቶ ይይሽ፣ ያየውንም ይጻፍልሽ። ከአሥር ሰርተፊኬት እሱ ይበልጣል።

እናት መምህርት፣ 1፡29

ጋሼ እውነት ብለዋል። አዲሷ፣ ኦዲዮውን እኔ ልንገርሽ። የቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ ላይ "ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ" የሚባል አለ። ስድስት ደቂቃ ነው፣ ጽሑፉም አብሮ ይወርዳል፣ ነጻ ነው። ለዘጠነኛ ክፍል ሙሉውን አትክፈቺ። አንድ ደቂቃ ቆርጠሽ ውሰጂ። የብሪቲሽ ካውንስል "ቲቺንግ ኢንግሊሽ" የተዘጋጀ የትምህርት ዕቅድ ይሰጣል። "ኢንግሊሽ ቲቺንግ ፎረም" የሚባለውን መጽሔት ደግሞ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው የሚያወጣው። በነጻ አውርደሽ ማንበብ ትችያለሽ። ዋይፋይ ባገኘሽ ቀን አውርጂና ስልክሽ ላይ አስቀምጪ። ዳታሽን በዚህ አትጨርሺ።

ቦሳ ኪቶ፣ 1፡33

ኦቲጂ እኔ ጋ አለ። እኔ መምህር አይደለሁም፣ ባጃጅ ነው የምነዳው። ልጄ ግን ዘጠነኛ ክፍል ናት። ኮቺ የት ጋ ነሽ? በኢንቦክስ ላኪልኝ። ዝናቡ ቀለል ሲል አደርስልሻለሁ። ትንሽ የብሉቱዝ ስፒከርም አለኝ፣ ከፈለግሽ።

የዘጠነኛዋ ቲቸር፣ 1፡34

ወይኔ ወንድሜ፣ ገለቶሚ! ላክሁልህ። ስፒከሩንም በጣም እፈልገዋለሁ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ተበላሽቶ ከቆየ ዓመት ሆኖታል።

አዌቱ ማዶ፣ 1፡40

አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው አይደል? ነገ ጠዋት እንዲህ ከዘነበ በዚያች ስፒከር 22 ሰው አይሰማም። በቆርቆሮ ላይ የጅማ ዝናብ ሲወርድ አጠገብሽ ያለ ሰው ራሱ አይሰማሽም። መምህራኑን ለአራት ለአራት ክፈያቸው። ኦዲዮውን ዛሬውኑ ስልክሽ ላይ ካስገባሽ ጠዋት በዜንደር ለየቡድኑ አንድ ሰው ላኪ። እያንዳንዱ ቡድን በራሱ ስልክ ይስማ። ያ ደግሞ ሰኞ ክፍላቸው ውስጥ ሊደግሙት የሚችሉት ነገር ነው። የምከራከርሽ ለዚህ ነበር።

እናት መምህርት፣ 1፡46

እሱ ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔ ደግሞ መብራትም ስልክም የማይፈልግ አንድ ልጨምር። እኔ ክፍል ውስጥ ሁሌ ይሠራልኛል።

አምስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፊ። ትናንት ስለሆነ ነገር ይሁን። ለምሳሌ አንድ ገበሬ ቀይ ቡና ለቀመ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ አሰጣው፣ ዝናብ መጣ፣ ሮጦ ሸፈነው፣ የሚል። መጀመሪያ በተለመደው ፍጥነት አንብቢላቸው። እስክሪብቶ አይያዝም፣ መስማት ብቻ። ሁለተኛ ስታነቢ ቁልፍ ቃላት ብቻ ይጻፉ። ከዚያ በቡድን ሆነው ምንባቡን መልሰው ይሥሩት። መጨረሻ ላይ ከአንቺ ጋር ያስተያዩ። ዲክቶግሎስ ይባላል።

ጨዋታው ያለው ማስተያየቱ ላይ ነው። ኃላፊ ጊዜን የሚያሳየው "ኤድ" ይጠፋል። ለምን? ስላልሰሙት ነው። ልጆቻችን "ዎክድ" የሚል ድምፅ ይጠብቃሉ። የሚነገረው ግን "ዎክት" ነው፣ መጨረሻዋ ትንሽ "ት"። "ፕሌይድ" ላይ "ድ" ትሆናለች። "ዎንትድ" ላይ ደግሞ አንድ ቀለም (ክፍለ ቃል) ትጨምራለች። አንድ አጻጻፍ፣ ሦስት ድምፅ። ሰዋስው አያውቁም ብለን የምንቀጣቸው ብዙ ጊዜ ጆሯቸው ስላልያዘው ነው።

አዲሷ መምህርት፣ 1፡50

ይህንን ኮሌጅ እያለሁ የነገረኝ ሰው የለም። አሁን ጮክ ብዬ "ዎክት፣ ፕሌይድ፣ ዎንትድ" እያልኩ እህቴ ምን ሆንሽ አለችኝ።

ጡረተኛው መምህር፣ 1፡57

እናት መምህርት፣ እግዜር ይስጥሽ። በዚያው መርከቧንና (ship) በጓን (sheep) አስታውሷቸው። በፊደላችን ሁለቱም "ሺፕ" ናቸው። በእንግሊዝኛ መርከቧ አጭር፣ በጓ ረጅም ናት። እኛ አማርኛ ስንናገር በዚያ አናባቢ ርዝመት ቃል አንለይም፣ ስለዚህ ጆሯችን አይከፍለውም። ነገ መምህራኑን ራሳቸውን ፈትኚ። ፊትሽን አዙረሽ አሥር ጊዜ አቀያይረሽ በይ። መርከብ ለሚል ቀኝ እጅ፣ በግ ለሚል ግራ እጅ። ግማሹ ይሳሳታል። ያኔ "ተማሪዎቼ አይሰሙም" ማለት ያቆማሉ። እኔም በመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራብኝ ከአሥሩ አራቱን ስቻለሁ።

የሂርማታ ልጅ፣ 2፡02

ፎርማት አድርጊው ያልኩትን ተዪው። አሁን ነው ሙሉውን ያነበብኩት። አላህ ያግዝሽ።

የዘጠነኛዋ ቲቸር፣ 2፡41

ኦቲጂው መጣልኝ! ባጃጅ ሹፌሩ ወንድሜ በዝናብ መጥቶ አደረሰልኝ፣ ሻይ እንኳን ሳይጠጣ ሄደ። ስልኬ ላይ ስም የሌለው ፎልደር ታየኝ። ጠጋኙ እንዳለው ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው! ከዘጠኙ ሰባቱ ተከፍተዋል። ሁለቱ ይጀምሩና ይቆማሉ። ዕቅዱ አለ። የሚበተነውን ወረቀት ግን ስልኬ ሲከፍተው አራት ማዕዘን ሳጥኖች ብቻ ነው የሚያሳየኝ። በውስጡ አማርኛ አለበት። ምን ይሆን?

ጠጋኙ፣ 2፡46

ጽሑፉ አልተበላሸም፣ አይዞሽ። በድሮ የአማርኛ ፎንት (የኮምፒውተር ፊደል) የተጻፈ ይመስለኛል። ስልክሽ ያ ፎንት ስለሌለው ነው። ፎንቱ ያለበት ላፕቶፕ ላይ ይነበባል። ዛሬ ማታ ከእሱ ጋር አትታገይ። ጥያቄዎቹን ከትዝታሽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፊያቸው። አሁን ዋናው ነገር ሰባቱን ኦዲዮ ሌላ ቦታም ማስቀመጥ ነው። በቴሌግራም ለራስሽ ላኪያቸው፣ "ሴቭድ ሜሴጅስ" የሚለው ውስጥ። ከእንግዲህ ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄጂ ደግሞ ፍላሽ አትስጪ። የሚታተመውን ብቻ በቴሌግራም ላኪላቸው።

እናት መምህርት፣ 2፡50

ሁለቱን የተበላሹትን እርሺያቸው። ለአንድ ስልጠና ሰባቱም ይበዛል። ሁለት ምረጪ። አንድ ዝግ ያለ፣ አንድ ፈጠን ያለ። መሃል ላይ ዲክቶግሎሱን አስገቢ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጨርሺ፣ ሰው ቅዳሜውን ትቶ ነው የሚመጣው።

አዌቱ ማዶ፣ 2፡53

እንዴት እንደሆነ ንገሪን። በተለይ የሺፑን ውጤት።

የዘጠነኛዋ ቲቸር፣ 2፡55

እነግራችኋለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባትሪዬ 6 በመቶ ነው፣ መብራትም የለም። ልክ እንደመጣ ቻርጅ አደርጋለሁ።

አዲሷ መምህርት፣ ቅዳሜ 8፡20

ቲቸር፣ እንዴት ነበር?

ጡረተኛው መምህር፣ ቅዳሜ 11፡05

ልጄ፣ ስንቱ ሳተ?

ቦሳ ኪቶ፣ ሰኞ 12፡30

ቲቸር፣ ስልክሽ አይሠራም። ሰላም ነሽ ወይ? ስፒከሩን አትቸኩይበት፣ ተጠቀሚበት። የስፒከሩን ቻርጀር ግን እኔ ጋ ረስቼዋለሁ። የት ላምጣልሽ?