ለመድኃኒት ሙከራ የተሰጠ ፈቃድና የተሳታፊው ምስጢር

ጥያቄ፦ እናቴ በአንድ ሆስፒታል በሚካሄድ የመድኃኒት ሙከራ ለመሳተፍ የስምምነት ቅጹ ተነቦላት በጣት አሻራዋ ፈርማለች፤ የደም ናሙናዋ ወደ ውጭ አገር እንደሚላክ የተረዳችው ግን ቤት ገብታ እኔ ቅጹን ደግሜ ሳነብላት ነው። ፈቃዷን ማንሳት ትችላለች? ስሟስ ከናሙናው ጋር ይሄዳል?

መልስ 1፦ እናትዎ ምክንያት ሳያቀርቡ በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ፤ ይህ መብት እ.ኤ.አ. በ1964 በጸደቀው የሄልሲንኪ መግለጫ (በሰዎች ላይ ለሚካሄድ የሕክምና ምርምር የወጣ ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር መመሪያ) ውስጥም ነበረ። መደበኛ ሕክምናቸውም በዚህ ምክንያት ሊጓደል አይገባም። እስካሁን የተመዘገበው መረጃ ብዙ ጊዜ ከጥናቱ ስለማይሰረዝ፣ ያልተመረመረው ናሙና እንዲወገድላቸው ፈጥነው በጽሑፍ ይጠይቁ።

መልስ 2፦ እንደ ደንቡ ናሙናው የሚላከው በስም ሳይሆን በኮድ ሲሆን፣ ኮዱን ከስም ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር በጥናቱ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጣል። ሆኖም ዝርዝሩ እስካለ ድረስ ማንነታቸው ሊታወቅ ስለሚችል፣ ማን እንደሚያየው መጠየቅ ተገቢ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ይመድበዋል።

መልስ 3፦ ነርስ ነኝ። ቅጽ ማንበብ ብቻውን ማስረዳት አይደለም፤ ተሳታፊዋ የተረዱትን በራሳቸው ቃል እንዲናገሩ ሳይጠየቁ አሻራ መቀበል ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። በቅጹ ላይ ጥናቱን የሚገመግመው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ስልክ ሊኖር ስለሚገባ፣ ዛሬውኑ ለኮሚቴው ይደውሉ።