የሚያስፈራን ፊልሙ ነው ወይስ ያየንበት ጨለማ?

ጠያቂ (ከካራ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ከኮተቤ አልፎ ካራ አካባቢ፣ ግድግዳዋ ቆርቆሮ የሆነ አንዲት ቪዲዮ ቤት ነበረች። መስኮቷን በብርድ ልብስ ይጋርዱታል፤ ትልልቆቹ አግዳሚ ላይ፣ እኛ ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠን እናያለን። ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 የሠራውን፣ ሙታን ተነሥተው ሰው የሚበሉበትን «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» የተባለ አስፈሪ ፊልም ያየሁት እዚያ ነው። ካሴቱ በጣም ከማርጀቱ የተነሳ ምስሉ ከግርጌው ይንቀጠቀጥ ነበር። ባለቤቱ በየመሃሉ ዴኩን አቁሞ ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል (ሄዱን) አልኮል በነካ ጥጥ ሲጠርግ እኛ በጨለማው ውስጥ ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። ፊልሙ አልቆ ስንወጣ መንገዱ መብራት የለውም፤ ከተራራው በኩል ጅብ ይጮኻል። ያን ሌሊት ከእናቴ ጎን ገብቼ ተኛሁ።

ባለፈው ወር ፊልሙን ደግሜ አየሁትና እንደገና ፈራሁ። ብዙ ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰባቸውን የዛሬዎቹን ግን ቡናዬን እየጠጣሁ ነው የምጨርሳቸው። የሚያስፈራኝ በእርግጥ ፊልሙ ነው ወይስ የልጅነቴ ጨለማ?

መልስ (ከቡራዩ)፦
ወንድሜ፣ ጨለማው የራሱ ድርሻ ቢኖረውም ዋናው ፊልሙ ነው ባይ ነኝ። የወጣበት ገንዘብ ወደ 114 ሺህ ዶላር ብቻ ስለነበር፣ ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ በፔንስልቬንያ ገጠር ከሚገኝ አንድ የገበሬ ቤት አይወጣም፤ ተመልካቹም ከሰዎቹ ጋር እዚያው ተዘግቶበት ያመሻል። ደም ሆኖ የሚታየው የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ በጥቁርና ነጭ ምስል ማንም አይለየውም። ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝ ግን መጨረሻው ነው። ዱዌን ጆንስ የተጫወተው ጥቁሩ ቤን ሌሊቱን ሙሉ ከሙታኑ ተርፎ፣ ጎህ ከቀደደ በኋላ፣ አካባቢውን ሊያጸዱ በመጡ የታጠቁ ሰዎች ጥይት ይወድቃል። ይህንን ሳይ ጭራቆቹን ረስቼ በሕይወት ያሉትን መፍራት ጀመርኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። አከፋፋዮቹ የፊልሙን ርዕስ ሲቀይሩ የቅጂ መብት ማሳወቂያው ከአዲሱ ርዕስ ጋር ሳይጻፍ ቀረ፤ በጊዜው በነበረው የአሜሪካ ሕግ መሠረትም ፊልሙ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ማንም እያባዛ እንዲሸጠው በር የከፈተው ይህ ነው። ካሴቱ እስከ ካራ የዘለቀበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

መልስ (ከሰበታ)፦
ከላይ በተባለው ብዙ እስማማለሁ፤ ሆኖም ድህነትን እንደ ጥበብ እንዳንቆጥረው እሰጋለሁ። የኤድ ዉድ «ፕላን 9 ፍሮም አውተር ስፔስ»ም በጥቂት ገንዘብ ነው የተሠራው። ተዋናዩ ቤላ ሉጎሲ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሞት ከእርሱ የተቀረጸው የጥቂት ደቂቃ ምስል ብቻ ስለነበር፣ የቀረውን የተካው ከእርሱ የሚረዝም ሌላ ሰው ነው፤ ፊቱን በካባ ሸፍኖ ይመላለሳል። ብዙዎች ይህን ፊልም በፍቅር እንደሚያዩት አውቃለሁ፤ እኔንም ሰዎቹ ሥራቸውን ምን ያህል ይወዱ እንደነበር ይነካኛል። ፍርሃት ግን በፍጹም አልተሰማኝም።

ልዩነቱ ምርጫ ላይ ነው። ጆን ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ1978 «ሃሎዊን»ን በ300 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሠራ ለገዳዩ የተመረጠው ጭምብል ከሱቅ የተገዛ፣ «ስታር ትሬክ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ያለውን ካፒቴን ኪርክ የሚመስል ርካሽ ጭምብል ነው። ነጭ ቀለም ሲቀባ ቁጣም ሐዘንም የማይነበብበት ፊት ሆነ፤ የሚያስፈራውም ይኸው ባዶነቱ ነው። ሙዚቃውን የደረሰው ራሱ ዳይሬክተሩ ነው። እስቲ ድምፁን አጥፍተው ይዩት፤ ከፍርሃቱ ምን ያህሉ ከጆሮ እንደሚመጣ ያኔ ይረዱታል።

መልስ (ከለገጣፎ)፦
ሁላችሁም «ካርኒቫል ኦፍ ሶልስ»ን ዘለላችሁት። ዳይሬክተሩ ሄርክ ሃርቪ መተዳደሪያው የትምህርትና የፋብሪካ ፊልሞችን መሥራት ነበር። በዩታ፣ በታላቁ የጨው ሐይቅ ዳር የተተወውን የሶልትኤር መዝናኛ አዳራሽ ካየ በኋላ ይህን ፊልም ሠራ፤ ለሕዝብ የታየውም እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ባዶው አዳራሽና የኦርጋኑ ድምፅ ከማንኛውም ጭራቅ ይበልጣሉ። እኔ ያየሁት መብራት በጠፋበት ምሽት፣ በላፕቶፕ ባትሪ ነው። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ነዋሪ ያልገባበት ጅምር ሕንፃ አለ፤ ፊልሙ ካለቀ በኋላ የመስኮቶቹን ክፍተቶች አንድ በአንድ ስቆጥር ራሴን አገኘሁት። ስለዚህ ጠያቂያችን፣ እንዲህ ያሉት ፊልሞች ባዶ ቦታ ይተዉልናል፤ የምንሞላው ደግሞ በየሰፈራችን ጨለማ ነው። ሁለቱን መለየት የሚቻል አይመስለኝም።

ጠያቂ (ከካራ)፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሰበታውን ወንድሜን ምክር ትናንት ማታ ሞከርኩት። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ልጄ አብራኝ ነበረች። ድምፁ ጠፍቶ ሳለ «ይህ ሰውዬ አጥር ሥር ቆሞ ማንን ነው የሚጠብቀው?» እያለች በእርጋታ ትጠይቀኝ ነበር፤ ድምፁን ስከፍተው ግን ትራሱን አቅፋ ዝም አለች። የእኔን የልጅነት ካራ እርሷ አታውቃትም። ያደገችው መንገዱ አስፋልት ከለበሰና መብራት ከገባለት በኋላ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ፈራች። ቅዳሜ ማታ የለገጣፎዋ እህቴ የጠቆሙንን እናያለን፤ መብራቱን እንዳላጠፋ ግን ከወዲሁ አስጠንቅቃኛለች።