ስትራይጎላክቶንና አቀንጭራ ምን ያገናኛቸዋል?

ሆሄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሥነ ዕፅዋት ጽሑፍ እያረምኩ ነው። «ስትራይጎላክቶን የተባለው ሆርሞን ሥሩ ፎስፌት እንዲያገኝ ያግዛል» ይላል። በአማርኛ ምን ልበለው? ስሙ ከአቀንጭራ ጋር ይያያዛል ሲሉም ሰምቻለሁ።

የወሎ ማሽላ፦ ይያያዛል እንጂ! ስትራይጋ ማለት የኛው አቀንጭራ ነው፤ ማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጠምጠው አረም። ሆርሞኑ በእሱ ስም የተጠራው፣ መጀመሪያ የታወቀው የአረሙን ዘር የሚያበቅል ነገር ተብሎ ስለሆነ ነው። በ1966 (እ.ኤ.አ.) ከጥጥ ሥር ነው የተለየው። የዕፅዋት ሆርሞን መሆኑ የታወቀው ግን በ2008 ነው። ስትራይጋ በላቲን ጠንቋይ አሮጊት እንደማለት ነው። እኔ የኛን ስም እመርጣለሁ። ሕፃን «ቀነጨረ» የምንለውን አስቡ። አረሙም ከመሬት ብቅ ሳይል ገና ከታች ሰብሉን አቀንጭሮታል።

ሆሄ፦ ታዲያ ማሽላው ጠላቱን የሚቀሰቅስ ነገር ለምን ያመነጫል?

ሥሩን ይጠይቁ፦ ለጠላቱ ብሎ አይደለማ! ፎስፌት፣ ማለትም ተክሉ ፎስፈረስ የሚያገኝበት ንጥረ ነገር፣ ናይትሮጅን እንደሚያገኝበት ናይትሬት ከውሃ ጋር እንደ ልቡ አይሄድም። አሲዳማ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም አንቀው ይይዙታል። ሥሩ አጠገቡ ያለውን ቶሎ ይጨርሳል። ያን ጊዜ ስትራይጎላክቶን በብዛት ያመርትና ከፊሉን ወደ አፈር ይለቃል። ማይኮራይዛ የሚባለው ፈንገስ ይህ ሲደርሰው ክሮቹን ያበዛል፣ ሥሩ ውስጥ ይገባል፣ ፎስፌት ከራቅ ካለ ቦታ ያመጣል። ክፍያው ስኳርና ቅባት ነው። ተክሉ ውስጥ የቀረው ሆርሞን ደግሞ አዲስ ቅርንጫፍ እንዳይበዛ ያግዳል። ቁጠባ ነው በሉት።

አቀንጭራ ይህን ጥሪ ነው የሚጠልፈው። ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ሊጠብቅ ይችላል። በደከመ መሬት የሚበረታውም አንድም ለዚህ ነው፤ የተራበ ሥር አብዝቶ ይጣራል። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ማሽላዎች ሲያዳቅሉ፣ አንዱ መንገዳቸው ይህን ምልክት በጥቂቱ የሚለቁትን መምረጥ ነበር።

ሆሄ፦ «የአቀንጭራ ሆርሞን» ብለውስ?

የወሎ ማሽላ፦ ኧረ ተው! አንባቢው አረሙ የሚያመርተው ይመስለዋል። «ጠሪ ሆርሞን»ም ቢሆን የቅርንጫፉን ሥራ ይደብቃል። ስትራይጎላክቶን ብለህ እለፈው፣ አቀንጭራን ግርጌ ላይ ጥቀስ።