ክረምቱን የከረመ የባሕር ዛፍ መወጣጫ፦ ልውጣበት ወይስ ልቅር?

ለሳኝ ከቡሬ

ጤና ይስጥልኝ። ቡሬ ውስጥ በልስን ሥራ የምተዳደር የ23 ዓመት ልጅ ነኝ። የያዝነው ሳይት ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነው፤ የውስጡ ልስን አልቆ የውጪው ቀርቷል። መወጣጫው ከእግሩ እስከ ጫፉ የባሕር ዛፍ ነው። ያቆሙት ባለፈው ግንቦት ነው። ዝናቡ ሲበረታ ባለቤቱ ሥራውን አቋረጠና መወጣጫው እንደቆመ ከረመ። አሁን ጥቅምት ሲገባ ካቦው (የሠራተኞቹ አለቃ) «ሰኞ ከላይ ትጀምራላችሁ» ብሎናል።

ትናንት ብቻዬን ዞሬ አየሁት። ቋሚዎቹ ግራጫ ሆነዋል፤ አንዳንዶቹ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቀዋል። ሚስማሮቹ ወጣ ወጣ ብለዋል። አንዱን ቋሚ ይዤ ስነቀንቀው ከበላዬ ያለው ጣውላ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ለካቦው ብነግረው «ግንቦት ላይ ያን ሁሉ ብሎኬት የቻለ አንተን ያቅተዋል?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም በምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ማርያም፣ የግንባታው ርብራብ ተደርምሶ ከ30 በላይ ምእመናን ካለቁ ወዲህ እናቴ እንቅልፍ የላትም። ጠዋት ስወጣ በሩ ድረስ ሸኝታ «ልጄ፣ ረግጠህ ሳታይ አትውጣ» ትለኛለች። ሥራውን ደግሞ እፈልገዋለሁ፤ ታናሽ እህቴን የማስተምረው እኔ ነኝ። መወጣጫው ደህና መሆን አለመሆኑን በምን ልወቅ? ካቦውንስ ምን ብዬ ላናግረው?

አናጢ ከደብረ ማርቆስ

የኔ ወንድም፣ እንዳለ ከሆነ ሰኞ እንዳትወጣበት። 26 ዓመት መወጣጫ ሳቆምና ሳፈርስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

የካቦው ነገር የሚያሳምን ይመስላል። ነገር ግን ግንቦት ላይ ብሎኬቱን የቻለው እንጨትና ዛሬ የቆመው እንጨት አንድ አይደሉም። ባሕር ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣልን እርጥቡን ተቆርጦ ነው። እርጥብ ላይ የተመታ ሚስማር ጥብቅ ብሎ ይይዛል። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፤ ሚስማሩ የገባበት ቀዳዳም ይላላል። ክረምት ደግሞ ያረጥበዋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ መልሶ ያረጥበዋል። ሚስማሩ ወጣ ወጣ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። በመዶሻ መልሰህ ብትመታውም በዚያው በላላው ቀዳዳ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ አይረባም። ነቅለህ፣ ባልተሰነጠቀ ቦታ ላይ በአዲስ ሚስማር መምታት፣ መገጣጠሚያውንም በሽቦ ደህና አድርጎ ማሰር ነው።

ፍተሻውን ከእግሩ ጀምር። ሰው ሁሉ ሽቅብ ያንጋጥጣል፤ መወጣጫ ግን ብዙ ጊዜ የሚከዳው ከሥሩ ነው። ቋሚው መሬት የገባበትን ዙሪያውን ስንዝር ያህል ቆፍር። እንጨት ቶሎ የሚበሰብሰው ከአፈሩ አፍ ላይ ነው፤ ውሃም አየርም የሚያገኘው እዚያ ነውና። ምስጥም የሚገባው በዚያው ነው፤ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ ይሆናል። በካቻቢቴ ወይም በሹል ፌሮ ውጋው። ጤነኛ እንጨት አያስገባህም። ሁለት ሦስት ሳንቲም ያለ ችግር ከገባ ያ ቋሚ ይለወጥ፤ «ድጋፍ እንጨምርበት» የሚልህን አትስማ። በመዶሻም መታ መታ አድርገው፤ ጤነኛው ኳ ይላል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። መሬቱ ጥቁር አፈር ከሆነ ደግሞ በክረምት አብጦ አሁን እየተሰነጠቀ ነው፤ አንዱ ቋሚ ሰምጦ ሌላው ተንጠልጥሎ ልታገኝ ትችላለህ። ቀጥ ማለቱን በቱንቢ ለካው። ከየቋሚው ሥር ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ወፍራም ጣውላ ይግባ። ብሎኬት አይሁን፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ይፈርሳል።

ቀጥሎ ሰያፎቹን፣ ማለትም ቋሚና አግዳሚውን አጋድመው የሚያያይዙትን እንጨቶች፣ ቁጠር። ቋሚና አግዳሚ ብቻ ያለው መወጣጫ በጎን ሲገፋ እንደ ካርቶን ይታጠፋል። ስትነቀንቀው ከላይ የተንቀጫቀጨው ሰያፍ ጎድሎት ወይም ከግድግዳው ጋር ሳይታሰር ቀርቶ ይመስለኛል። ከሕንፃው ጋር በየአራት ሜትሩ ገደማ፣ ወደ ጎንም ወደ ላይም፣ መታሰር አለበት። ሦስት ፎቅ የሚያህል ነገር በራሱ እግር ብቻ አይቆምም።

አሁን ስለ ጣውላው ልንገርህ፤ እኔን የጣለኝ እሱ ነውና። 2003 ዓ.ም ነው፤ እዚሁ ማርቆስ ባለ ሁለት ፎቅ ላይ። የአንዱ ጣውላ ጫፍ ከሥሩ ከተሸከመው ከመጨረሻው ተሻጋሪ እንጨት አልፎ ግማሽ ሜትር ያህል ወጥቶ ነበር። በሚስማር አልተመታም፣ አልታሰረም። ጫፉን ስረግጠው የወዲያኛው ጫፍ ብድግ አለ፤ ከ5 ሜትር ወረድኩ። የሚይዘኝ መደገፊያ እንጨት አልነበረም። ጓደኞቼ አፋፍሰው ወጌሻ ቤት ወሰዱኝ፤ ታሽቼ አደርኩ። ሆስፒታል ስደርስ ዳሌዬ መሰበሩ ታወቀ። ዛሬም ደረጃ ስወጣ ግራ እግሬን እጎትታለሁ። የወጌሻን እጅ መናቄ አይደለም፤ ከከፍታ የወደቀ ሰው ግን አከርካሪው ተጎድቶ እንደሆነ ማንም በዓይኑ አይቶ አያውቅም። እንዳለ ተኝቶ ይቆይ፣ አንገቱንና ጀርባውን አታንቀሳቅሱ፤ በጣውላ ላይ አጋድማችሁ በቀጥታ ሆስፒታል።

ስለዚህ የጣውላው ጫፍ ከተሻጋሪው የሚያልፈው ከ15 እስከ 30 ሳንቲም ይሁን። ካጠረ ይሾልካል፤ ከረዘመ እኔን እንደጣለኝ ይጥላል። ሁለቱም ጫፍ ይታሰር። በአንድ ጣውላ ላይ ብቻ ቆመህ አትለስን። መደገፊያው በወገብህ ልክ፣ 1 ሜትር ገደማ ይሁን፤ መሐል ላይ ሌላ አንድ፤ ከእግርህ አጠገብ 15 ሳንቲም የሚሆን ከለላ። መሰላሉ አራት ሜትር ከወጣ እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይራቅ፣ አናቱ ይታሰር፣ ከምትረግጠው ወለል አንድ ሜትር ያህል ይለፍ። የመብራት መስመር በአጠገባችሁ ካለፈ ሰኞም ማክሰኞም የሚባል ነገር የለም፤ መጀመሪያ የመብራት ኃይል ሰው ይምጣ።

ለካቦው በጓደኞቹ ፊት አትናገረው፤ እልህ ይይዘዋል። አንድ የበሰበሰ ቋሚ ውጋና ለብቻው ጠርተህ አሳየው። ካቦም ልጆች አሉት።

የቀን ሠራተኛ ከፍኖተ ሰላም

አያ የጻፉትን ሁለቴ አነበብኩት፤ እግዜር ይስጥልን። እኔ ሲሚንቶ አቀባይ ነኝ። ስለ መወጣጫ ሲወራ ስለሚለስነው ሰው ይታሰባል፤ ተሸክማ የምትወጣውን የሚያስታውስ የለም። 20 ሊትር ባልዲ ሙሉ የተቦካ ሲሚንቶ 40 ኪሎ ገደማ ነው። በቀን ስንቴ እንደምንመላለስ አስቡት። ለሳኞቹ ደግሞ «ቶሎ ቶሎ አምጪ» እያሉ አምስት ስድስት ባልዲ አንድ ጣውላ ላይ ያስደረድሩናል። ሦስት ሰው ሲቆምበት ጣውላው ከ400 ኪሎ በላይ ተሸከመ ማለት ነው። ወንድሜ፣ አንድ ባልዲ ሲያልቅ ሌላ ጥራ፤ እኛም አንጎዳም።

የምንወጣበት ተዳፋት ላይ በየእርምጃው ቀጭን እንጨት በአግድም ምቱበት፤ ጠዋት ጤዛ ሲኖር እግር ያንሸራትታል። አሸዋም አራግፉበት። ደግሞ ከሥር ሰው እያለፈ መዶሻና ማንኪያ ከጣውላ ጫፍ ላይ አታስቀምጡ። ጓደኛዬን የመታት ከሁለተኛ ፎቅ የወደቀ ግማሽ ጡብ ነው፤ ሄልሜት የተሰጠው ለመሐንዲሱ ብቻ ነበር።

የሕግ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

አጭር ነገር ልጨምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሥራ ቦታን ደኅንነት መጠበቅና የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። አደጋ ሲደርስም «ጥፋቱ የኔ አይደለም» ብሎ ከኃላፊነት አያመልጥም። አደጋ ማንዣበቡን ነግረኸው ካላስተካከለ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን የመልቀቅ መብት አለህ። ስትነግረው በጽሑፍ ወይም በመልእክት ይሁን፤ ምስክር ይሆንሃል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሠራተኛው ሰክሮ ሥራ ላይ ተገኝቶ ከተጎዳ፣ ወይም በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት ትእዛዝ ጥሶ ከሆነ፣ ካሳው ሊቀርበት ይችላል። በምሳ ሰዓት አረቄ ቀምሶ የሚወጣ ሰው አጥንቱንም መብቱንም ነው የሚያጣው።

ለሳኝ ከቡሬ

ሁላችሁንም ፈጣሪ ያክብርልኝ። አያ፣ እንዳሉኝ ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሄጄ ቆፈርኩ። ከ22 ቋሚ ሰባቱ በስብሰዋል። አንዱን በፌሮ ብወጋው እስከ መሐሉ ገባ፤ ውስጡ ምስጥ ነው። ካቦውን ለብቻው ጠርቼ ፌሮውን በእጁ ሰጠሁት፣ ራሱ ወጋው። ብዙ አልተናገረም። ባለቤቱ ጋ ደወለና ሰኞ የነበረው ልስን ቀርቶ ማፍረስ ሆነ። ሐሙስ አዲስ እንጨት ገባ፤ መደገፊያም ተመታ። ሴቶቹ የሚወጡበት ተዳፋት ላይ በአግድም እንጨቱን የመታሁት እኔ ነኝ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ዛሬ መወጣጫውን ከሕንፃው ጋር ያሰርነው በመስኮቶቹ ብረት ነው። ይበቃል?

አናጢ ከደብረ ማርቆስ

አይበቃም፣ ነገ ከመውጣትህ በፊት ፍቱት። የመስኮት ብረት ግድግዳው ላይ የተያዘው ለራሱ ክብደት ነው፤ ሲጎተት ይነቀላል። በመስኮቱ ቀዳዳ አስገብታችሁ ከኮለኑ (ከሕንፃው ቋሚ ምሰሶ) ወይም ከቢሙ (ከአግዳሚው) ጋር እሰሩት። ኮለን ከራቃችሁ ከመስኮቱ በውስጥ በኩል ከቀዳዳው የሚሰፋ ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን እንጨት) በአግድም አድርጉና ከሱ ጋር ይታሰር። ሽቦው ድርብ ይሁን። መጎተቱን ብቻ ሳይሆን መገፋቱንም እንዲችል ከቋሚው እስከ ግድግዳው የሚደርስ አጭር እንጨት ጣልቃ አስገቡ። ስትጨርሱ ፎቶ ላክልኝ፣ ልየው።