ሳንጋባ አብረን እንኖራለን፤ ቤቱ በእሱ ስም ብቻ ነው። አንድ ነገር ቢሆን እኔ ምን አለኝ?

ጤዛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እኔና ጓደኛዬ አብረን መኖር ከጀመርን ዘጠኝ ዓመት አለፈን። አልተጋባንም። እሱ እንግሊዛዊ ነው። ከቀድሞ ሚስቱ የወለዳቸው ሁለት ልጆች አሉት፤ ሁለቱም ራሳቸውን የቻሉ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ እንግሊዝ ነበርን። እሱ ጡረታ ሲወጣ ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ቤት ገዝተን ገባን። «ገዝተን» አልኩ እንጂ ውሉ ላይ ያለው የእሱ ስም ብቻ ነው። ፊርማው ቀን እኔ ሥራዬን ለመጨረስ እንግሊዝ ቀርቼ ነበር። «በኋላ እናስገባሻለን» ተባለ፣ በዚያው ቀረ። ጣሪያው ሲቀየርና ወጥ ቤቱ ሲታደስ ግን ከራሴ ቁጠባ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

በቅርቡ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ተኛ። አሁን ደህና ነው፤ እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁት። ነገሩን ሳነሳበት «ይሄን ያህል ዓመት አብሮ የኖረ ሰው በሕግ እንደ ሚስት ነው የሚቆጠረው፣ አትጨነቂ» ይለኛል። እውነት ነው? ኑዛዜ የለውም። እንግሊዝ ውስጥ የሚያከራየው አፓርታማም አለው። የጋራ የባንክ ሒሳብ አለን። ልጆቹ ለእኔ ክፉ አይደሉም፤ ግን ውርስ ሲመጣ ሰው እንደሚለወጥ ስንቱን አይተናል።

እሱ ማግባት አይፈልግም። የመጀመሪያው ትዳር አንገፍግፎታል። እኔም የቀለበት ጉጉት የለብኝም። ጣሪያውን ያሠራሁት ቤት ውስጥ መቆየት እችል እንደሆነ ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው።

ቀይ እስክሪብቶ፦

እህቴ፣ እኔ ፈረንሳይ ውስጥ ኖተር (ውል አዋዋይ) ቢሮ ነው የምሠራው። እዚህ የቤት ሽያጭም ውርስም በኖተር እጅ ነው የሚያልፈው፤ እንዳንቺ ያለ ጉዳይ በየጊዜው ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። እና ሳላለባብስ ልንገርሽ፦ ጓደኛሽ የሚልሽ ነገር እንግሊዝም ፈረንሳይም ውስጥ የለም።

ከእንግሊዝ እንጀምር። ሳይጋቡ የኖሩ ሰዎች፣ ሃያ ዓመትም ይሁን፣ ኑዛዜ ከሌለ በቀጥታ አይወራረሱም። በ1975 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሕግ አለ። ሟች እስኪሞት ድረስ ቢያንስ ሁለት ዓመት በአንድ ቤት አብሮት የኖረ ሰው «ከንብረቱ ለኑሮዬ የሚሆን ይሰጠኝ» ብሎ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል፣ የውርስ ማረጋገጫው በተሰጠ በስድስት ወር ውስጥ። ግን ይህ የሚሠራው ሟቹ ቋሚ መኖሪያው በሕግ እንግሊዝ ወይም ዌልስ ከሆነ ነው። የእናንተ ኑሮ ደግሞ ፈረንሳይ ነው። ስለዚህ በእሱ ላይ ተስፋ አትጣይ።

ወደ ፈረንሳይ ስንመጣ፣ ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ውርሱን የሚገዛው ሟች በሕይወት ሳለ ኑሮውን ያደረገበት አገር ሕግ ነው። ፓስፖርቱ አይደለም። ስለዚህ ቤቱ በፈረንሳይ ሕግ ይሄዳል፤ በፈረንሳይ ሕግ ደግሞ አንቺ ወራሽ አይደለሽም። ኑዛዜ ከሌለ ለልጆቹ ነው። እንግሊዝ ደንቡ ውስጥ የለችበትም፤ ለቤትና ለመሬት ንብረቱ ያለበትን አገር ሕግ ስለምትከተል አፓርታማው በእንግሊዝ ሕግ ይታያል። እዚያም አንቺ የለሽም።

«ኑዛዜ ይጻፍልኝ» ብትዪስ? ይችላል፣ ግን በልክ። ሁለት ልጆች ላለው ሰው ከሀብቱ ሁለት ሦስተኛው የልጆቹ ነው፤ ሊነካባቸው አይችልም። እንደፈለገ የሚያደርገው አንድ ሦስተኛውን ነው። ኑዛዜው ላይ «የዜግነቴ ሕግ ይግዛኝ» ብሎ የእንግሊዝን ሕግ መምረጥ ይፈቀድለታል፣ እንግሊዝ ደግሞ ለልጆች ድርሻ አታስቀርም። ብዙ ሰው በዚህ ያመልጥ ነበር። ከኅዳር 2021 ጀምሮ ግን ፈረንሳይ በሯን ጠበብ አድርጋለች፦ ሟቹ ወይም አንዱ ልጅ የአውሮፓ ኅብረት ነዋሪ ወይም ዜጋ ከሆነ፣ ልጆቹ የቀረባቸውን ድርሻ ፈረንሳይ ካለው ንብረት መጠየቅ ይችላሉ።

ብዙ ሰው ሲሰማ የሚደነግጠው ግን ግብሩ ላይ ነው። በፈረንሳይ ሕግ አንቺ ለእሱ ባዕድ ነሽ። ባዕድ የወረሰው ላይ ስልሳ በመቶ ነው የሚከፈለው፣ ነጻ የሚሆነው 1,594 ዩሮ ብቻ። መቶ ሺህ ዩሮ ቢተውልሽ ሃምሳ ዘጠኝ ሺህ ገደማው ለመንግሥት ይሄዳል። ቤቱን ሳትሸጪ ከየት ታመጪዋለሽ?

ለዚህ የሚበጀው ፓክስ የሚባለው ነው። ማዘጋጃ ቤት ወይም ኖተር ጋ የሚመዘገብ የአብሮ መኖር ውል ነው፤ ጋብቻ አይደለም፣ ጓደኛሽን ላያስበረግገው ይችላል። ፓክስ ያደረጉ ሰዎች ከ2007 ወዲህ የውርስ ግብር አይከፍሉም። እሱ ቢሞት ደግሞ ቤቱ ውስጥ ለአንድ ዓመት የመቆየት መብት ይኖርሻል። ግን ልብ በይ፣ ፓክስ ብቻውን ወራሽ አያደርግም። ኑዛዜ የግድ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት። የሟች ጡረታም ለተጋቡ ብቻ ነው የሚተላለፈው፣ በፓክስ አይገኝም።

ጣሪያና ወጥ ቤቱ የቤቱ አካል ስለሆኑ ቤቱን ተከትለው ይሄዳሉ። ደረሰኝና የባንክ ማስረጃ ካለሽ አንድም እንዳይጠፋብሽ። ከዚያ «ይህን ያህል ብር የእሷ ዕዳ አለብኝ» የሚል የዕዳ ማመኛ ኖተር ፊት ይፈርምልሽ። ወረቀት ከሌለ ፍርድ ቤቱ «አብራችሁ ስትኖሩ ያዋጣሽው ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ከጋራ ሒሳቡም ግማሹ የእሱ ተብሎ ውርስ ውስጥ ይቆጠራል፣ ያንቺ መሆኑን ካላስረዳሽ በቀር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከሚስቱ ጋር ፍቺው በፍርድ ቤት አልቋል? «ተለያይተናል» የሚሉ ሰዎች ፋይል ስንከፍት ብዙ ጊዜ ያልተፋቱ ሆነው እናገኛቸዋለን።

ሰሜን ኮከብ፦

እኔ ስዊድን ነኝ፣ እዚህ ነገሩ ሌላ ነው። ሳይጋቡ አብሮ መኖር ሳምቦ ይባላል፤ ሕጉ የ2003 ነው። ለጋራ ኑሮ ብላችሁ የገዛችሁት ቤትና የቤት ዕቃ፣ በአንዳችሁ ስም ቢሆንም እንኳ፣ ዕዳው ተነስቶ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ከሞተ ክፍፍሉን መጠየቅ የሚችለው በሕይወት የቀረው ብቻ ነው፣ የሟች ልጆች አይደሉም። ጥሩ ነው አይደል? ግን እሱ አንቺን ከማግኘቱ በፊት የገዛው ቤት ውስጥ ከገባሽ አይነካሽም። መኪና፣ ቁጠባ፣ የበጋ ቤትም የለበትም። መወራረስ ደግሞ እዚህም በኑዛዜ ካልሆነ የለም።

ካናዳ ያለች እህቴ የምትነግረኝ ይብሳል። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ እንደ ባልና ሚስት ሁለት ዓመት አብሮ የኖረ ያለ ኑዛዜም ይወርሳል። ኦንታሪዮ ሲገቡ ግን ያ መብት የለም። አገሩ አንድ፣ ሕጉ ሁለት! እና ጤዛ፣ ነገ ቤት ሸጣችሁ ሌላ አገር እንግባ ካላችሁ ይህን ጥያቄ እንደ አዲስ ነው የምትጠይቂው።

ማለፊያ፦

ከኑዛዜው ጋር የተያያዘ ነገር ልጨምር። እኔ ጀርመን ነው የምኖረው። የማውቃቸው ሁለት ሰዎች ሳይጋቡ አብረው ኖረው አንድ ወረቀት ላይ የጋራ ኑዛዜ አደረጉ። እሱ በእጁ ጻፈው፣ ሁለቱም ፈረሙ። እሷ ቀድማ ሞተች። ወረቀቱ ለእሷ ዋጋ አልነበረውም! ምክንያቱም ጀርመን ውስጥ እንዲህ ያለውን ኑዛዜ ማድረግ የሚችሉት የተጋቡ ናቸው። ያልተጋቡ ሰዎች ቤት ውስጥ የሚጽፉት ከሆነ እያንዳንዳቸው ሙሉውን በእጃቸው መጻፍ አለባቸው። ወንድሞቿ ወረሱ። ሰውየው ቤቱን አላጣም፤ የኪራይ ውሉ በሁለቱም ስም ነበር።

ግብሩም እንደዚያው፦ ባል ወይም ሚስት አምስት መቶ ሺህ ዩሮ ድረስ ነጻ ናቸው፣ ያልተጋባ ሃያ ሺህ። ቀይ እስክሪብቶ፣ ፈረንሳይ ውስጥስ ሁለት ሰው አንድ ወረቀት ላይ መጻፍ ይችላል?

ቀይ እስክሪብቶ፦

ወንድሜ ጥሩ አነሳህ። አይችልም፣ ቢጋቡም አይችሉም። ለየብቻ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚጻፍ ከሆነ ከቀኑ እስከ ፊርማው በራስ እጅ። በኮምፒውተር ተጽፎ ቢፈረምበት ውድቅ ነው።

ጤዛ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቀይ እስክሪብቶን ጥያቄ ጠየቅኩት። ዝም አለ። ከዚያ ከመደርደሪያ ላይ አንድ ፖስታ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። ውስጡ ያለው የመጀመሪያው የፍቺ ውሳኔ ነው፤ የመጨረሻው የለም። «ያለቀ መስሎኝ ነበር» አለ። ምን ልበለው? ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከሆስፒታል የወጣ ሰው ላይ አልጮህ።

ቀይ እስክሪብቶ፦

እንግዲያው እስካሁን የሴትየዋ ባል ነው። ዛሬ ማታ ቢያርፍ ምን እንደሚሆን ስሚ። ሁለቱም ልጆች የእሷም ልጆች ስለሆኑ፣ በፈረንሳይ ሕግ ወይ የንብረቱን አንድ አራተኛ ትወስዳለች፣ ወይ በጠቅላላው ላይ የአላባ መብት ትመርጣለች። አላባ ማለት እስክትሞት ድረስ ቤቱን ልትኖርበት ወይም ልታከራየው ትችላለች ማለት ነው። ያንቺ ጣሪያ ሥር።

ፓክስም ቢሆን ባለ ትዳር ሰው አይፈርምም። ስለዚህ መጀመሪያ የመጨረሻውን ውሳኔ ይጠይቅ። ከመጀመሪያው ውሳኔ ወዲህ ከአሥራ ሁለት ወር በላይ ካለፈ ለምን እንደዘገየ ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ማስረዳት አለበት፤ ይፈቀዳል፣ ግን ይጠየቃል። የእንግሊዝ ጠበቃ ይያዝና የገንዘብ ክፍፍሉም በትዕዛዝ መዘጋቱን ይይ። ካልተዘጋ የቀድሞ ሚስቱ ጥያቄ ከፍቺ በኋላም ክፍት ሊሆን ይችላል።

ኑዛዜውን ግን ፍቺውን ሳይጠብቅ ይጻፈው፣ በዚህ ሳምንት። ባለ ልጅ ሰው ያንን አንድ ሦስተኛ ባለ ትዳር ሆኖም ለፈለገው ይሰጣል። ፓክስ እስኪፈረም ግብሩ ስልሳ በመቶ ነው፣ ያው ከምንም ይሻላል። ሰባ ሳይሞላው የሕይወት መድን ገብቶ አንቺን ተጠቃሚ ቢያደርግሽም ጥሩ ነው፦ ከሰባ በፊት በተከፈለው ላይ እስከ 152,500 ዩሮ ያለ ግብር ይደርስሻል። የልጆቹን ድርሻ ለመብላት ተብሎ ከልክ በላይ ከተከፈለ ግን ሊከሱ ይችላሉ።

ጤዛ፦

ጠበቃው ጋ ቀጠሮ ይዟል፣ ራሱ ደውሎ። ለልጆቹም ነግሯቸዋል፤ ልጅየዋ «እናቴ ራሷ የተፋታች ነው የሚመስላት» አለች። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ፈረንሳይኛው ደካማ ነው። ኑዛዜውን በእንግሊዝኛ ቢጽፈው ችግር አለው?

ቀይ እስክሪብቶ፦

የለውም። እንዲያውም በማያውቀው ቋንቋ ገልብጦ ቢጽፍ ነው ችግር የሚመጣው። በእንግሊዝኛ፣ በእጁ፣ ቀን ጽፎ፣ ፈርሞ። ዋናውን ኖተር ጋ ያስቀምጠውና በማዕከላዊ የኑዛዜ መዝገብ ላይ ያስመዝግበው። ቤት ውስጥ አትተዉት፤ መጀመሪያ የሚያገኘው ሰው ማን እንደሚሆን አታውቁም።