እንስሳት ወንጀል የሚመረምሩባቸው፣ ለአዋቂ የተሠሩ አኒሜሽን ፊልሞችን ጠቁሙኝ

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ገጸ ባሕርያታቸው እንስሳት የሆኑ፣ ታሪካቸው በወንጀል ምርመራ ዙሪያ የሚያጠነጥን፣ ከመነሻውም ለአዋቂ ተመልካች ታስበው የተሠሩ አኒሜሽን ፊልሞችን እያፈላለግሁ ስለሆነ፣ የምታውቁትን እንድትጠቁሙኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለዚህ ፍለጋ ያነሣሣኝ በ1994 በጀርመን የተሠራው «ፌሊዴ» የተባለው ፊልም ነው። አኪፍ ፒሪንቺ በ1989 ካሳተመው ልብ ወለድ ተወስዶ በሚካኤል ሻክ ዳይሬክተርነት የተሠራው ይህ ፊልም፣ ፍራንሲስ የተባለ ድመት ከአሳዳሪው ጋር ወደ አዲስ ሰፈር ገብቶ ገና ቤቱን ሳይላመድ የሌላ ድመት ሬሳ ሲያገኝ፣ ከዚያም የተገደለው አንድ ብቻ አለመሆኑን እየተረዳ ነፍሰ ገዳዩን ሲከታተል ያሳያል። ፊልሙን የከፈትሁት ድመቶች የሚሯሯጡበት ቀለል ያለ ጨዋታ መስሎኝ ነበር፤ ሳልጨርሰው ግን ከመቀመጫዬ መነሣት አልቻልሁም።

የያዘኝ ደሙ አልነበረም። የሰፈሩ ድመቶች ሰውን «ጣሳ ከፋች» ይሉታል፤ ለእነርሱ ሰው ማለት ምግባቸው ያለበትን ጣሳ የሚከፍት እጅ ነውና። ብሉቤርድ የተባለው አካሉ የጎደለ ድመት ግድያውን በአንዱ ጣሳ ከፋች ላይ ሲያላክክ፣ ፍራንሲስ ወደ ሬሳው ጠጋ ብሎ አንገቱን ይመረምርና ንክሻው የድመት ጥርስ መሆኑን ይረዳል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ለፍራንሲስም ለእኔም ሰፈሩ ሌላ መልክ ያዘ። በሌላ ቦታ ደግሞ፣ አተር እያዳቀለ የዘር ውርስን ሕግ የደረሰበት መነኩሴ ግሬጎር ሜንዴል በፍራንሲስ ሕልም ውስጥ እንደ ግዙፍ አሻንጉሊት አጫዋች ሆኖ ይመጣና የድመት ሬሳዎችን በክር አንጠልጥሎ ያስጨፍራል። ይህ ሕልም ለማስፈራራት ብቻ የገባ መስሎኝ አልፌው ነበር፤ ኋላ ግን ከትልልቆቹ ፍንጮች አንዱ እርሱ ሆኖ አገኘሁት።

ከዚያ በኋላ ያየኋቸው ጨለማ የሆኑ የእንስሳት ፊልሞች ብዙ ናቸው። ማርቲን ሮዘን የሠራቸውን «ወተርሺፕ ዳውን» (1978) እና «ዘ ፕሌግ ዶግስ» (1982) እጅግ ወድጃቸዋለሁ፤ ነገር ግን በእነርሱ ውስጥ ማን ማንን እንደሚጎዳ ከመጀመሪያው ግልጽ ስለሆነ ተመልካቹ የሚያዝን እንጂ የሚመረምር አይሆንም። እኔ የምሻው ፍንጩ በፊቴ ተቀምጦ ሳላየው የማልፈውን ዓይነት ፊልም ነው። እንዲህ ያሉት ለምን ይህን ያህል እንዳነሡም አስተያየት ያለው ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው መልስ

ሙሉ ፊልም ካልሆነ አይሆንም ካላሉ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ በ2021 በጃፓን የተሠራውን ባለ 13 ክፍል ተከታታይ «ኦድ ታክሲ»ን ይመልከቱ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኦዶካዋ የተባለ፣ እንቅልፍ የሚነሣው፣ ጥቂት ተናጋሪ የታክሲ ሾፌር ሲሆን መልኩ ዋልረስ የተባለው ባለ ረጅም ክራንቻ የባሕር እንስሳ ነው። አንዲት ተማሪ ልጃገረድ ጠፍታለች፤ ከእርሱ ታክሲ ካሜራ ውስጥ ያለውን ቅጂ ደግሞ ሕግ አስከባሪውም ወንበዴውም ይፈልጉታል።

ስለ ፍንጭ አቀማመጥ ስለጠየቁ አንዲት ትንሽ ነገር ልንገርዎ። በማኅበራዊ ሚዲያ ታዋቂ ለመሆን የሚመኝ አንድ ጉማሬ ታክሲው ውስጥ ይሳፈርና ከሾፌሩ ጋር ፎቶ ይነሣል። ተመልካቹ የጉማሬውን ከንቱ ምኞት እያየ ፈገግ ሲል፣ ከሁለቱ ፊት በስተጀርባ በፎቶው ውስጥ የሚፈለግ ወንጀለኛ ተይዟል። ፎቶው በብዙ ሰው እጅ ሲዘዋወር ነው ነገሩ የሚወጣው። በእያንዳንዱ ክፍል ተራ ወግ መስሎ የሚያልፈው ንግግር እንዲሁ በኋላ ዋጋ ያገኛል፤ ስለዚህ ስልክዎን እየነካኩ የሚያዩት ሥራ አይደለም።

በ2022 የወጣው ፊልሙ ያንኑ ታሪክ በገጸ ባሕርያቱ የምስክርነት ቃል መልክ መልሶ የሚተርክ ስለሆነ ከእርሱ አይጀምሩ። ሾፌሩ ዋልረስ የሆነው፣ ነርሷም አልፓካ የሆነችው ለጌጥ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ከዚህ በላይ ብናገር ግን እበድልዎታለሁ።

ሁለተኛው መልስ

እኔ የምመልሰው «ለምን አነሡ» የሚለውን ነው፤ ምክንያቱ አኒሜሽን የልጆች ነው የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ ብቻ አይመስለኝም። ሥዕል ራሱ ምስጢር ለመደበቅ ያስቸግራል።

ተዋንያንን በካሜራ በሚቀርጽ ፊልም ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የተዝረከረከው ሁሉ ማንም ሳያስብበት አብሮ ይገባልና ፍንጩ በዚያ ዝርክርክ መካከል ይጠፋል። በሥዕል ፊልም ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያልሣለው ሲኒ በጠረጴዛው ላይ ሊገኝ አይችልም፤ ስለዚህ ተመልካቹ ሲኒውን ሲያይ «ይህ ለምን ተሣለ?» ብሎ ይጠይቃል። በቀድሞው አሠራር ነገሩ ከዚህም ይብስ ነበር። የማይንቀሳቀሰው ዳራ በወረቀት ላይ በቀለም ይሣላል፤ የሚንቀሳቀሰው ነገር ደግሞ ሴል በሚባል ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ላይ በጠርዝ መስመር ተሥሎ፣ ወጥ በሆነ ቀለም ተሞልቶ፣ በዳራው ላይ ተደርቦ ፎቶ ይነሣል። በመደርደሪያ ላይ ካሉት ሃያ መጻሕፍት አንዱ ሊወድቅ ከሆነ ያ አንዱ ከጎረቤቶቹ ደምቆና ጠርዙ ጎልቶ ስለሚታይ፣ ዓይኑ የሰላ ተመልካች ከመውደቁ በፊት ያውቀዋል። በር የሚከፈት ከሆነም እንዲሁ።

እንግዲህ ጎበዝ ዳይሬክተር ፍንጩን የሚሸሽገው ሌላ ሥራ በመስጠት ነው። እርስዎ የጠቀሱት የሜንዴል ሕልም ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የተሻለው ነው፤ ፍንጩ ቅዠት ሆኖ ስለቀረበ ተመልካቹ ይፈራዋል እንጂ አይመረምረውም። እንስሳ መሆን ደግሞ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። ሰው መርማሪ ጎንበስ ብሎ መሬት ቢያሸት ሁላችንም እንነቃለን፤ ድመት ብታሸት ግን ድመት ስለሆነች ብቻ ዝም ብለን እናልፋታለን።

ሦስተኛው መልስ

ከላይ በተሰጠው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሆኖም ዋናው ችግር ከሥዕሉ ይልቅ በተረቱ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

በተረት ጅብ ሆዳም ነው፣ ጦጣ ብልጥ ናት፣ አህያ ታጋሽ ናት። ጅቡ ገና ብቅ ሲል ምን ሊያደርግ እንደመጣ እናውቃለን፤ የተረት ጉልበቱም ይኸው ነው፤ የእንስሳው ቆዳ ጠባዩን ይነግረናልና ስለ ማንነቱ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። የምርመራ ታሪክ ግን ተቃራኒውን ይሻል፤ ማንም በመልኩ እንዳይታወቅ፣ ሁሉም እኩል እንዲጠረጠር ይፈልጋል። ሁለቱን ማጋባት የሚከብደው ስለዚህ ነው፤ ብዙዎቹ ሥራዎችም እባቡን ወይም አይጡን ገዳይ አድርገው ገና በአሥረኛው ደቂቃ ይበላሻሉ።

የተሳካላቸው ከዚህ እንዴት እንዳመለጡ ማየት ደስ ይላል። «ፌሊዴ» ሟቹንም መርማሪውንም ተጠርጣሪውንም ድመት በማድረግ ቆዳው ምንም እንዳይናገር አድርጓል። በ2019 የጀመረው የጃፓን ተከታታይ «ቢስታርስ» ደግሞ ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል፤ ሥጋ በሎችና ሣር በሎች አብረው በሚማሩበት ትምህርት ቤት ውስጥ ቴም የተባለ አልፓካ በሌሊት ተበልቶ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ጥርስ ያለው ተማሪ ሁሉ ይጠረጠራል። ሌጎሺ የተባለው ተኩላ በጣም ዓይን አፋርና ለስላሳ ቢሆንም ጥርጣሬው በእርሱ ላይ ሲያርፍ፣ እኔ ራሴ «ተኩላ እኮ ነው» ብዬ እንደጠረጠርሁት አልክድም፤ ፊልሙም የያዘኝ በዚያው ነው። ምስጢሩ የሚፈታው ግን በሁለተኛው ምዕራፍ ስለሆነ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ መካከል ላይም የፍቅሩ ጉዳይ ምርመራውን ለረጅም ጊዜ ይሸፍነዋል።

ለአዋቂ ብቻ ይሁን ብለዋልና «ዙቶፒያ»ን (2016) መጥቀሴ ቅር እንዳያሰኝዎ። ለቤተሰብ የተሠራ ፊልም ነው፤ ሆኖም የጠፉት እንስሳት ጉዳይ የተፈታበት መንገድ በዚሁ በቆዳ ላይ ባለን ፍርድ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ለአዋቂ ከተሠሩት ከብዙዎቹ የበለጠ በጥንቃቄ የተቀመመ ምስጢር ነው እላለሁ።

ፊልም ባይሆንም «ብላክሳድ»ን ሳያነቡ እንዳይቀሩ። ሁዋን ዲያስ ካናሌስ የጻፈው፣ ሁዋንሆ ጓርኒዶ የሣለው ይህ ባለ ሥዕል መጽሐፍ የመጀመሪያው ቅጽ በ2000 የወጣ ሲሆን፣ ዋና ገጸ ባሕርዩ በ1950ዎቹ አሜሪካ የሚኖር፣ የግል መርማሪ የሆነ ጥቁር ድመት ነው። በሁለተኛው ቅጽ ውስጥ ፀጉራቸው ነጭ የሆኑ እንስሳት፣ ድብም ይሁን ቀበሮ ዝርያ ሳይለዩ፣ በነጭነታቸው ተደራጅተው ሌላውን ያሳድዳሉ፤ በአንድ ጊዜ ቆዳው የዘር ጥላቻ ምልክት ይሆናል። ጓርኒዶ ከዚህ በፊት በዲዝኒ የፓሪስ ስቱዲዮ አኒሜተር ሆኖ ሠርቷል፤ በ1999ኙ «ታርዛን» ውስጥ ያለችውን ነብር ያንቀሳቀሳት እርሱ ነው። ገጹ ላይ ጅራትና ጆሮ ውሸታሙን እንዴት እንደሚያጋልጡት ስታዩ ይህ ልምዱ ይገባችኋል። አንድ ገጸ ባሕርይ ፊቱን አጽንቶ ሲዋሽ ጆሮው ወደ ኋላ ይተኛል፤ ጸሐፊው ስለዚህ አንድም ቃል አይጽፍም።

አራተኛው መልስ

ጥቆማ ሳይሆን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እነዚህን ፊልሞች ልጆች በሚደርሱበት ቦታ አታስቀምጧቸው። ታናሽ እህቴ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከአንድ ፊልም አከራይ ቤት የልጆች መደርደሪያ ላይ ሽፋኑ ላይ ውሻ ስላየሁ ብቻ «ዘ ፕሌግ ዶግስ»ን ተከራይቼ አመጣሁላት። ፊልሙ የሚጀምረው በምርምር ጣቢያ ውስጥ ውሻው በውኃ ገንዳ ሲዋኝ ቆይቶ፣ ደክሞ ወደ ታች ሲሰምጥ፣ ከዚያም በሚቀጥለው ቀን እንዲደገምበት ሲያነቃቁት በማሳየት ነው። እህቴ ለብዙ ጊዜ ገላዋን ለመታጠብ ትፈራ ነበር፤ ሳላጣራ ማምጣቴም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በደረጃ ምደባም ብቻ አትተማመኑ። «ወተርሺፕ ዳውን» በብሪታንያ በ1978 ለማንኛውም ዕድሜ የተፈቀደ ፊልም ነበር፤ ደረጃው ወላጅ እንዲያስብበት ወደሚያሳስበው ምድብ ከፍ ያለው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ሴል የተጻፈውን ካነበብሁ በኋላ «ፌሊዴ»ን ደግሜ አየሁት፤ በጨለማ በተሣሉት ትዕይንቶች ውስጥ የሚንቀሳቀሰውና የማይንቀሳቀሰው ስለሚመሳሰሉ ዓይኔ ምን ሊከሰት እንዳለ ቀድሞ መለየት አቅቶታል። ጨለማውን ለስሜት ብቻ የተጨመረ አድርጌ ቆጥሬው ነበር፤ ለካ ምስጢር መደበቂያም ነው።

ስለ ተረቱ የቀረበው ሐሳብ በጣም ገዝቶኛል፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ቆዳው ጠባይን መናገሩ እንቅፋት ብቻ አይመስለኝም። የሰው ተዋናይ ገና ሲገባ ስለ እርሱ የምናውቀው ስለሌለ ደራሲው ጥርጣሬያችንን ከባዶ ማብቀል ይኖርበታል፤ ተኩላ ሲገባ ግን ጥርጣሬውን ይዘን የመጣነው እኛው ነን፤ ደራሲው ወደፈለገበት ማዞር ብቻ ይቀረዋል። ሌጎሺን መጠርጠርዎን ሲነግሩን ያረጋገጡልን ይህንኑ ነው።

«ኦድ ታክሲ»ን ጀምሬያለሁ። ስለ ጉማሬው ፎቶ አስቀድሞ የተነገረኝ ቢሆንም፣ ከበስተጀርባ ያለውን ለማየት ምስሉን ሦስት ጊዜ አቁሜ መመለስ ነበረብኝ። አሁን ሰባተኛው ክፍል ላይ ነኝ፤ ሐኪሙ ሾፌሩን ስለ ጤናው በጠየቀው ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ፍጻሜውን የምታውቁ እባካችሁ እስክጨርስ ድረስ ስለ እርሱ ምንም አትጻፉ።