ከሰዓት በኋላ በቡና ፋንታ ምን ትጠጣላችሁ?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ። 8 ሰዓት ላይ ክፍል ስገባ ዓይኔ ይከደናል። 10 ሰዓት ላይ ሁለት ስኒ ቡና ጠጥቼ እነቃለሁ፤ ሌሊቱን ግን ስገላበጥ አድራለሁ። የጠዋቱን ቡና አልተውም። የከሰዓቱን በምን ልተካው?

መልስ፦ መምህር፣ እኔንም ለዓመታት እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የ10 ሰዓቱ ቡና ማታ 3 ሰዓትም ግማሹ አለ ማለት ነው። እኔ አሁን በሶ ይዤ ነው የምወጣው። እናቴ የጮቄን ገብስ ራሷ ቆልታ ታስፈጫለች። ሃይላንዱ ውስጥ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ሦስት ማንኪያ በሶ፣ ቁንጥር ጨውና ትንሽ ማር። ክዳኑን ጥብቅ አድርገህ እስኪያረፋ ናጠው። በሶው ከቀደመ ከታች ይጓጉላል። ሆድ ይይዛል፣ እስከ ማታ አያደክምም።

መልስ፦ ሻይ እንዳያታልልህ ወንድሜ፣ ከቡና ቢያንስም ካፌይን አለው። ዝንጅብል ብቻውን አፍላ። ደግሞ ምሳ ላይ እንጀራውን ቀነስ አድርግ፤ ከበላህ በኋላም ትንሽ ተራመድ።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። በሶ ቤት አለ፣ ነገ ይዤ እገባለሁ።